ክብርት አለቀልኝ እና የክረምቱ «ሲ»

ከፈተና ክፍል ሲወጣ «አለቀልኝ!» የማይል ጎበዝ ተማሪ እስካሁን አልተወለደም። ሰነፉማ ምን ቸገረው፤ «ምንም አይልም» ብሎ ኳሱን ይዞ ይሄዳል። ጭንቅላቱን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ያ ዘጠና አምስት የሚያመጣው ነው። የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር የሚተኙት ደግሞ እኛ ቤት፣ ከእኔ አልጋ አጠገብ ነው። ታናሽ እህቴ ናቸው። የቤት ስማቸው ክብርት አለቀልኝ ይባላል።

ክብርትነታቸው በሰፈራችን ኮሌጅ ሲማሩ በየፈተናው አልቆላቸዋል። እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ ሰሞን «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለች፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ አብራ ታዝን ነበር። ውጤቱ ሁልጊዜ «ኤ» ሲሆንባት ግን እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ፣ «እሺ፣ አልቆልሻል፤ እስቲ ያንን መቀስ አቀብዪኝ» ማለት ጀመረች።

ዘንድሮ ነገሩ ከበድ አለ። ሩቅ ከተማ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ምህንድስና በዝውውር ሊቀበላቸው ፈቀደ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ክፉ ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ የክረምቱ ውጤት እንደቀድሞው ጥሩ ካልሆነ ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል ትላለች። ክብርትነታቸው ክረምቱን የወሰዱት ፊዚክስ ነበር። ውጤቱ ወጣ፤ «ሲ»። ስልኩን አጥፍተን ብናበራውም «ሲ»ው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ያላማከሩት ሰው የለም። የጥርስ ሐኪሙን አፋቸው በጥጥ እንደተሞላ ጠይቀዋል። የአውቶቡስ ሹፌሩን «አንተ ብትሆን ትሰርዘኝ ነበር?» ቢሉት «መጀመሪያ በሩን ልቀቂ» አላቸው። እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሰልፉን ሰንጥቀው መጡና «እህትዬ፣ አንድ ሲ ሰው ይገድላል?» አሉኝ። «ከምግብ በኋላ ከተወሰደ አይገድልም» አልኳቸው። አልሳቁም።

በመጨረሻ እራት ላይ እኛኑ የቅበላ ኮሚቴ አድርገው ሰየሙን። እናታችን ጉዳዩ ሳይነበብ «ተቀብያለሁ!» አለች። እኔም ተከተልኳት። አባታችን ግን የመኪና ቴክኒክ መርማሪ ነው፤ ፍሬኑ የላላ መኪና የገዛ ወንድሙ ቢሆንም አያሳልፍም። መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ውጤቱን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አለ። «ፊዚክሱ ግን... እኔ ብሆን አላሳልፍም።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እናታችን። «ልጅህ ናት እኮ! ሚኒባስ መሰለችህ እንዴ?»

«ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ምን ላድርግ?»

ክብርትነታቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። «አለቀልኝ» እንኳ ሳይሉ። እንዲያ ሲሆኑ አይቻቸው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። አባታችንም ምግቡን ትቶ ተነሳና በሩ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ የሥራ ልማድ ይዞኝ ነው። የወደቀ መኪና እኮ አይጣልም። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ‹ምኑን ላሠራ?› ካለኝ፣ እኔም ልቤ ይራራል።»

በማግስቱ ክብርትነታቸው ሳይጠየቁ ለዩኒቨርሲቲው ጻፉ። «ፊዚክስ ላይ ሲ አምጥቻለሁ። ምን ባደርግ ይስተካከላል?» ብቻ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጤና አጣ። እናታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር እጅጌ አጣማ ትሰፋለች፤ አባታችንም ሥራ ቦታ ሆኖ ለእኔ ይደውላል፣ ለእሳቸው መደወል ፈርቶ።

መልሱ የመጣው እሳቸው ሸሚዝ ሲተኩሱ ነው። አጭር ነበር፤ «ውጤትሽን አይተናል። ፊዚክሱን እዚህ ትደግሚዋለሽ። ምዝገባ ሰኞ ይጀምራል።»

እናታችን ጮኸች። አባታችን ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወጥቶ ብዙ ቆየ። እኔ ወደ መኝታ ቤት ገብቼ የእህቴን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩላት፤ ልብሶቿን ማጣጠፍ ጀመርኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ሹራቧን እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ልትፈልገኝ መጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ተቀበሉኝ እኮ!»

«እሱ ነው እኮ» አልኳት።