መብራቱን አጥፋልኝ

ችግርን የሚናገር ሰው በእኛ ከተማ ብዙ አይወደድም። ጣሪያህ ያፈስሳል ያለህን ምቀኛ ትለዋለህ፣ ኮርኒሱን ቀለም ትቀባና ክረምቱን ትጠብቃለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ራሳችንን እየነቀነቅን የምንሰማው ስለ ጎረቤታችን የተነገረ እየመሰለን ነው። ዛሬ አነጋገሬ ከመረራችሁ ታገሱኝ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

አዳማ ውስጥ መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት ስትበራ ጋራዥ ትሄዳላችሁ፣ መካኒኩ ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ይሰካል፣ መኪናው የታመመበትን በኮድ ይናገራል። እስከዚህ ሥልጣኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለቦሎ የሚሄደውም፣ ሊሸጥ ያሰበውም፣ ሠርግ ያለበትም ቃሉ አንድ ነው፤ አጥፋልኝ። ኮዱ ይሰረዛል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በሽታው እዚያው ይቀመጣል።

እናቴ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወርዶባት ሰውና ግድግዳ አትለይም፤ የሚታያት ብርሃን ብቻ ነው። ሻሸመኔ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያገኘነው ስንት ወር ጠብቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ካልደረስን ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብለናል። በዋዜማው ያቺ ቢጫ መብራት በራች። ጋራዥ ገባሁ፣ ያንኑ ቃል ተናገርኩ፣ ጠፋችልኝ።

ማለዳ ተነሣን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ እንደታጠፍን ተመልሳ በራች። ይህ ሌባ በደንብ እንኳ አላጠፋውም ብዬ መካኒኩን ሰደብኩ፤ መንዳቴን ግን አላቆምኩም። ዓለም ጤና ልንደርስ ስንል፣ በሽንኩርት ማሳዎች መካከል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ነክሶ ቆመ።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። ሞተሬን ገደልከው አልኩት።

«ጋሼ፣ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ዕቃ ተበላሽቷል፣ ቢግልም አያሳይዎትም ልልዎት ስል ስልክ አነሱ» አለኝ። «ሲጨርሱ፣ ነገ መንገድ አለኝ፣ አጥፋልኝ አሉኝ። ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ?»

አልጠየቅኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው፤ ዘጋሁበት።

«መብራቱ በርቶ ነበር?» አለች እናቴ ከኋላ ወንበር።

«በርቶ ነበር፣ እማዬ። አስጠፋሁት።»

«እኔ ብርሃን ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ እሄዳለሁ፤ አንተ የበራልህን ታስጠፋለህ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አራት ሰዓት ሲያልፍ ከሐኪም ቤቱ ተደወለ። ተራችን ለሌላ ተሰጥቷል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሞክሩ አሉን። በራሴ እንደተናደድኩ፣ መኪናውን እዚያው ትተን መንገድ ዳር ስንጠብቅ፣ ወደ አዳማ የሚመለስ ሚኒባስ አገኘንና ጋቢና ገባን። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ያቺ መብራት በምትበራበት ቦታ ላይ፣ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ምንድን ነው አልኩት ሹፌሩን።

«ዓይኔን እየወጋች አስቸገረችኝ» አለ እየሳቀ።

ስድቡ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ግን ምን አፍ አለኝ?

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «የዚህኛውስ መብራት በርቷል?»

«አይታይም፣ እማዬ» አልኳት።