ክቡር ላቫር ቦታ ሲመርጡ

በበጋ የሚያድርበትን መኪና እየነዳ ወደ ሸለቆው ፓርክ የሚወርድ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ያገኘው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ወይ ላቫር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ወንበሩን ዘርግቶ ኑሮውን ይኖራል። ላቫር ግን ክፍት ቦታ እያየ ያልፋል፤ ከሚቀጥለው መታጠፊያ ወዲያ የተሻለ አለ ብሎ ያምናልና። በየካምፑ አንድ ላቫር አይጠፋም። የእኛው ግን የላቫሮች ሁሉ አለቃ ናቸው።

ክቡር ላቫር ክኑድሰን ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጥርስ ሲነቅሉ እንደዚህ ቢያመነቱ ኖሮ የከተማችን ሰው ሁሉ ጉንጩ እንዳበጠ ይቀር ነበር። ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው፤ ልጆቻችን ትንንሽ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ አብረን ካምፕ እንወጣለን። በሌሉበት ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ዕድሜዬን በመጠበቅ ያስፈጀኝ ሰው ተራ ሰው ከሆነማ የእኔ ነገር ምን ሊባል ነው?

የሚነዱት አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ሽንት ቤቱም ውስጡ ያለ፣ አውቶቡስ የሚያክል መኪና ነው። ክፍት ቦታ ሲያገኙ ይወርዱና መሬቱ እንዳያዘነብል ውሃ ልካቸውን ላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ራሳቸው ይጋደማሉ፤ ውሃ ልክም ሊዋሽ ይችላል። አሥር ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚወድቅ በእጃቸው ይለካሉ፣ ነፋሱን ያሸታሉ፣ የጎረቤቱን ውሻ ትክ ብለው ያያሉ። በመጨረሻ ተነስተው ሱሪያቸውን ያራግፉና ፍርዱን ይሰጣሉ፦ «ጥሩ ነው፤ ግን አይደለም።»

ሚስታቸው ማርቫ ጋቢና ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። የልጅ ልጆቿን ሁሉ ያለበሰችው ባሏ ቦታ ሲመርጡ ነው። አንድ ጊዜ እንዴት እንደቻለችው ብጠይቃት ቀና እንኳን ሳትል፣ «እኔን ሲመርጠኝ አንድ ዙር ብቻ ነው የዞረው፤ እሱ ነገር ሳይቆጨው አይቀርም» አለችኝ።

ካመነቱ ደግሞ ጠርዝ አይዙም። የካምፑን ጠባብ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ዘግተው ያስባሉ። ከኋላ ክላክስ ሲበዛ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «እያሰብኩ ነው!» ይላሉ። አንድ ዓመት ቦታ ይዘን፣ ጎማ አስተካክለን፣ ሾርባ ጥደን ሳለ ከማዶ አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ሲጭን አዩ። «ድስቱን ያዙት» አሉ፣ ተነሳን። ባሌ ኬንት የሚፈላውን ድስት በፎጣ ታቅፎ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ላቫርን በስም እየጠራ ይረግም ነበር።

ኬንት ባለፈው የበረዶ ወራት ሞተ። እንደ እነሱው የምናድርበት መኪናችን ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ልጄ ታነር፣ «እማዬ ሽጪው፤ ብቻሽን አትችይውም» አለኝ። ቀጥ ያለ መንገድማ እነዳለሁ። ወደ ኋላ እያስገባ የሚያቆመው ግን ሁልጊዜ ኬንት ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ካምፕ የደረሰ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲገባ ባልና ሚስት ሲጣሉ በነጻ ያያል። እኔም የፊት ረድፍ ደንበኛ ነበርኩ። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ አንዴ እሞክራለሁ፤ ካልገባልኝ ሸጬው አርፋለሁ።

እኛ አገር በጋው በሚከርበት በሐምሌ፣ ቀዩ ገደል እንደ ምድጃ በጋለበት ከሰዓት፣ ከላቫር ኋላ ኋላ ሸለቆው ገባሁ። ሁለት ጊዜ ዞርን። በእጅ ሬዲዮው፣ «ላቫር፣ ወንዙ ዳር ያለውን አለፍከው እኮ» አልኩ።

«ጥሩ ነው፤ ግን አይደለም።»

«እንግዲህ አንተ ዙር፣ እኔ ደክሞኛል» አልኩና በአንድ ቋጥኝና በአንድ ወፍራም ዛፍ መካከል ያለች ቦታ ፊት ቆምኩ። ከማዶ ወንበሮቹ ዞሩ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ የድንች ጥብሱን ከረጢት ከፈተ። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ቀጥታ ወደ ዛፉ።

«ቀኝ! ኧረ በእሷ ቀኝ!» አለ አንዱ።

«ባልየው የት ሄዶ ነው?» አለች አንዲት ሴት።

ይህን ስሰማ ፍሬን ረገጥኩ። መሪውን ይዤ ቀረሁ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አቃተኝ። በልቤ ሽያጩ ያኔ አልቆ ነበር።

በዚህ መሃል ክቡር ላቫር ሦስተኛ ዙራቸውን ይዘው ደረሱና ያንን አውቶቡስ በእኔና በወንበሮቹ መካከል ገትረው ሞተሩን አጠፉ። መንገዱ ተዘጋ፤ ለተመልካቹም ከመኪናው ጎን በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ክላክሱ ቀለጠ። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌታው፣ ወይ እለፍ ወይ ተመለስ!» አለ።

«እያሰብኩ ነው!» አሉና ወርደው ውሃ ልካቸውን አስፋልቱ ላይ አስቀመጡ፣ ከጎኑም ተጋደሙ። የፓርኩ ጠባቂ እየሮጠች መጣች።

«ጌታዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ቦታ እየመረጥኩ።»

«ይሄ እኮ መንገድ ነው!»

«ጥላውስ እንዴት ነው?»

ማርቫ በወዲህኛው በር ወርዳ፣ ሹራቧን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ከመኪናዬ ኋላ ቆመች። «ነይ… ነይ… ወደ ዛፉ ቁረጪ። መልሺ። ቁሚ። ምን ያስቸኩልሻል፣ እሱ እንደሆነ ገና ነው። ውጪና እንደገና ነይ።» ስንቴ እንደወጣሁ፣ ስንቴ እንደገባሁ እኔ እንጃ። ቋጥኙን አንዴ ጨረፍኩት። ከዚያ ገባሁ። ኬንት ያስገባው ይመስል ቀጥ ብዬ ገባሁ፤ ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ አለቀስኩ።

ላቫር በመኪናቸው አፍንጫ በኩል ብቅ አሉ፤ ጀርባቸው አቧራ ብቻ ነው።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«በቃ፣ ወሰንኩ» አሉ። መኪናቸውን አስነሱና ፊታቸው ያገኙት የመጀመሪያ ክፍት ቦታ ላይ ቆሙ፤ ጥላ የሌለው፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ከሕዝብ ሽንት ቤቱ አፍ ላይ። አልለኩትም፤ አላሸተቱትምም። ያን ሳምንት ማርቫ አልጋው ላይ እየተንከባለለች ላያቸው ላይ ስትወድቅ ታድር ነበር።

ለታነር ደውዬ መኪናው እንደማይሸጥ ነገርኩት። ላቫርን ደግሞ ሆን ብለህ ነው ወይ ብላቸው፣ «ምኑን? መንገዱ ጥሩ ነበር እኮ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እወዳቸዋለሁ፤ ምን ይደረግ። አሁንም በየበጋው ከኋላቸው እዞራለሁ፤ አሁንም ያንጨረጭሩኛል። ግን ክቡር ላቫር መንገድ ዘግተው ሲያስቡ ክላክስ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።