የጭጋግ በር ቀበሌ የደመና ባለሙያ አመዳደብ

የዲጂታል ግብርና አስፈጻሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከደብረ ታቦር በላይ፣ ጉና ሥር፣ የጭጋግ በር ቀበሌ ማዳበሪያ መጋዘን
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቅዳሴ መልስ
የተጀመረበት ሰዓት፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ከተገኘ በኋላ፣ 5፡00

የተገኙ አባላት፦
አቶ ይርጋ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሰብሳቢ
አቶ ሙሉቀን፣ የግብርና ባለሙያ
መሪጌታ ጥላዬ፣ የቀበሌው በረዶ መላሽ
ወ/ሮ ትርንጎ፣ የሴት አርሶ አደሮች ተወካይ
አቶ አንዋር፣ ባለሱቅ፣ የግሉ ዘርፍ ተወካይ
በላይነህ፣ ጸሐፊ (ድምፅ የማይሰጥ፣ አስተያየቱም ያልተጠየቀ)

በፈቃድ የቀረ፦ ታብሌቱ

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፦ ከበላይ በወረደው መመሪያ መሠረት ታብሌቱ ያልተገኘበት ስብሰባ እንደ ስብሰባ አይቆጠርም። የአርሶ አደሩ መረጃ የሚመዘገብበት ይኸው ታብሌት ባትሪ ጨርሶ አቶ አንዋር ሱቅ ሶላር ላይ እንደተሰካ ነው፤ ፀሐይ ከጠፋች ስለከረመች መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። ሆኖም አቶ አንዋር የታብሌቱን ካርቶን ይዘው በመምጣታቸው ካርቶኑ ታብሌቱን ወክሎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በመጋዘኑ ያለው አንድ ወንበር ለካርቶኑ ስለተሰጠ የቀሩት አባላት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ዘንድሮ ማዳበሪያ የሚታደለው የአርሶ አደሩ ስምና የማሳው መረጃ ደመና ላይ ከተጫነ በኋላ ብቻ መሆኑን፣ ይህም ምርታማነትን በእጅጉ እንደሚያሳድግ ገልጸዋል። ወ/ሮ ትርንጎ ንግግሩ ሳያልቅ እጃቸውን አውጥተው፣ ማሳቸው ታርሶ አልቆ ዘር ብቻ እንደሚጠብቅ፣ የፊታችን ሐሙስ ሰኔ ሚካኤል መሆኑን፣ ገብሳቸው ሳይዘራ ሚካኤል ካለፈ ሳያሽት ውርጭ እንደሚያገኘው ካስረዱ በኋላ «የጠየቅሁት ከረጢት ይኸው ተቀምጨበታለሁ፤ ይሰጠኝና ልሂድ» ብለዋል። ሰብሳቢው ጉዳዩ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንደሚታይ፣ እስከዚያ ድረስ እንደተቀመጡ እንዲቆዩ አሳስበዋል።

አጀንዳ 1፦ የደመና ባለሙያ ስለመመደብ

እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የደመና ባለሙያ እንዲመድብ የሚያዘው ደብዳቤ ተነበበ። አቶ ሙሉቀን ደመና የተባለው የሰማዩ ደመና ሳይሆን ሩቅ አገር ያለ የመረጃ ማከማቻ መሆኑን አስረድተዋል። መሪጌታ ጥላዬ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። አቶ ሙሉቀን ቦታውን በትክክል እንደማያውቁት፣ በዓይን የሚታይ ነገር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሁሉን እንደሚይዝና የገባበት ነገር እንደማይጠፋ መለሱ። መሪጌታም «ሩቅ ነው፣ አይታይም፣ ሁሉን ይይዛል ካልኸኝማ፣ ልጄ፣ ይኸንን በግእዝ አውቀዋለሁ» አሉ። አቶ ሙሉቀን ማስረዳታቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል። ተይዟል።

ሰብሳቢው በቀበሌው ከደመና ጋር የሥራ ልምድ ያላቸው መሪጌታ ብቻ መሆናቸውን፣ ለዓመታት በረዶውን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሲመልሱ መኖራቸውን፣ ለዚህም ከጎረቤት ቀበሌ የመጣው አቤቱታ እንደ ምስክር ወረቀት ሊያገለግል እንደሚችል ጠቅሰው ለቦታው አጭተዋቸዋል። ወ/ሮ ትርንጎ ደመና ሲያባርር የኖረን ሰው ደመና ጠብቅ ማለት ለጅብ ሥጋ አደራ እንደ መስጠት ነው ሲሉ ተቃወሙ። መሪጌታ ጅብ በመባላቸው ማዘናቸውን ገልጸው፣ በዚያው ንግግር ግን እንደ ወትሮው በየቤቱ አንዳንድ ቁና ገብስ የሚሰፈርላቸው ከሆነ ሹመቱን እንደሚቀበሉ አስታውቀዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ መሪጌታ ጥላዬ የቀበሌው የደመና ባለሙያ ሆነው እንዲመደቡ፤ መረጃ የሚጫንበት ደመና እንዳይበተን ከዛሬ ጀምሮ ደመና ከማባረር እንዲቆጠቡ ተወስኗል። አቶ አንዋር ታዲያ በረዶውን ማን ይመልሰዋል ብለው ጠይቀው፣ በረዶ በአጀንዳ እንዳልተያዘ ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 2፦ መረጃ ደመና ላይ ስለመጫን

አቶ ሙሉቀን ኔትወርክ የሚገኘው ቁራ ድንጋይ የሚባለው ኮረብታ አናት ላይ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ሰማዩ ጥርት ሲል እንደሆነ፣ ጭጋግ ከወረደ ግን ጨርሶ እንደሚጠፋ አስረዱ። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው አንድ ችግር ማስተዋላቸውን ተናግረዋል። ይኸውም ኔትወርክ ሲኖር ደመና የለም፤ ደመና ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ስለዚህ መረጃው በምን ላይ ይጫናል የሚል ነው። አቶ ሙሉቀን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መልስ ስላልሆነ አልተመዘገበም።

አቶ አንዋር ታብሌቱም የሚሞላው በፀሐይ ስለሆነ ቢያንስ ለአንድ ቀን ደመናው ገለል ቢደረግ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የጉባኤው ዓይን ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታም «ድሮ ቢሆን እሺ። አሁን ባለሙያ ነኝ፤ ከደመና ላይ እጅህን አንሣ ብላችሁ ወስናችሁብኛል» በማለት በአጀንዳ 1 የተላለፈው ውሳኔ እንዲከበር ጠይቀዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ ታብሌቱ በበቅሎ ተጭኖ ቁራ ድንጋይ እንዲወጣ፤ በቅሎዋም ግማሽ ሰማይ ደመና፣ ግማሽ ሰማይ ጥርት እስኪል በዚያው እንድትጠብቅ ተወስኗል። የበቅሎዋ ባለቤት ወ/ሮ ትርንጎ ናቸው። አልተጠየቁም።

በዚህ መካከል በረዶ መጣል ጀመረ። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ማንም የማንንም ድምፅ ሊሰማ አልቻለም፤ ጸሐፊው ለጊዜው የጻፈው ከንፈር እያየ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው «ጎመን» ያሉ የመሰለው «ዘመን» ሊሆን ይችላል። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን ተመለከቱ፤ እጃቸውም እንደ ልማዱ ብድግ ሲል ሰብሳቢው በምልክት ከልክለዋቸዋል።

በረዶው ረገብ ሲል ሰብሳቢው ለበላይ አካል የሚላክ የምሥራች እንዳገኙ አበሠሩ። በዲጂታል አሠራሩ ምክንያት ማዳበሪያ ስላልታደለ፣ ስላልታደለም ስላልተዘራ፣ ዘንድሮ በበረዶ የተጎዳ አንድም ሰብል የለም፤ ይህም በምርታማነት ረገድ ታላቅ እመርታ ተብሎ ይጻፍ አሉ።

ወ/ሮ ትርንጎ ከከረጢታቸው ተነሡ። «አንተ ይርጋ፣ ያልተወለደ ልጅ አልታመመም ብለህ ልትጽፍ ነው? አምና ዘሩ ዘገየብኝና ውርጭ በላው። ላሟን ሸጨ ልጆቼን አበላሁ። ዘንድሮ ምን ልሽጥ? የቀረችኝ በቅሎዋ ናት፤ እሷንም ድንጋይ ላይ ልታቆሙብኝ ወሰናችሁ» አሉ። ይህን የተናገሩት በረዶው ባቆመበት ሰዓት ስለነበር ሁሉም ሰምቷል። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ነበር፤ ለምን እንዳስቀመጠ ቢጠየቅ አፍሮ ነው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አጀንዳው የተከፈተው በውኃ ጠብታ ነው። በረዶው ጣሪያውን በስቶት ኖሮ ተከትሎት የመጣው ዝናብ በማዳበሪያው ላይ መውረድ ጀመረ። አቶ ሙሉቀን ዩሪያ ውኃ ከነካው ሟሙቶ እንደሚቀር አስጠነቀቁ። ሰብሳቢው ከረጢቶቹ እንዳይወጡ መመሪያው እንደሚከለክል፣ እንዳይበላሹም መመሪያው እንደሚያዝ ገልጸው መመሪያውን ከኪሳቸው አወጡ።

አቶ አንዋር መመሪያውን ተቀብለው ደግመው አነበቡና፣ የተከለከለው «ማደል» እንጂ «ማስቀመጥ» እንዳልሆነ አመለከቱ። ሰብሳቢው የት ይቀመጥ ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ትርንጎ እሳቸው ጋ ደረቅ ቦታ እንደሌለ፣ ነገር ግን የታረሰ ማሳ እንዳላቸው ገልጸው፣ «አፈር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሌባ እንዳያየውም ላዩ ላይ ገብስ እበትንበታለሁ» ብለዋል። አቶ ሙሉቀን ይህ በሙያው የሚደገፍ የአቀማመጥ ዘዴ መሆኑን ፈገግ ብለው አረጋግጠዋል። ጠዋት ከገባን ጀምሮ ፈገግ ሲሉ የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያለ ምንም ውይይት፦ ማዳበሪያው በሙሉ በአርሶ አደሩ ማሳ፣ በአፈር ውስጥ፣ በአደራ እንዲቀመጥ፤ መሪጌታም ከደመና ባለሙያነት ተነሥተው ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ ተወስኗል። መሪጌታ ወዲያው ወጥተው ፊታቸውን ወደ ጉና አዞሩ። ዝናቡ ቆመ። የቆመው ከመውጣታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ጉባኤው አልተስማማም።

በመጨረሻም ሰብሳቢው ይህ ሁሉ ከታወቀ ማን ይጠየቃል ሲሉ ስጋታቸውን አቀረቡ። ጸሐፊው ያን ጊዜ ብቻ እንዲናገር ተፈቅዶለት፣ የመመሪያውን የመጨረሻ አንቀጽ አነበበ፦ በወረቀት የተያዘ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ይህ ቃለ ጉባኤ በወረቀት ነው የተያዘው።

ስለዚህ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ይህኛውም ውሳኔ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ፤ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ካርቶኑ ተቃውሞ አላሰማም። በውሳኔው መሻር ምክንያት የወጣው ማዳበሪያ ወደ መጋዘን መመለስ ስላለበት ይህንኑ የሚወስን ስብሰባ ታብሌቱ እንደተሞላ ይጠራል። በጭጋግ በር ፀሐይ የምትጠበቀው ለመስከረም ነው።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡00 ተዘግቷል።

ፊርማ፦ ይርጋ፣ ሙሉቀን፣ ጥላዬ፣ አንዋር፣ በላይነህ።

ማስታወሻ፦ ወ/ሮ ትርንጎ አልፈረሙም። በበቅሏቸው ከረጢታቸውን ጭነው ሄደዋል፤ ይህ ሰኞ ጠዋት ሲጻፍ እየዘሩ ነው።