የሙሴ አልሲድ መጥረቢያ

ጎርፍ በሚያውቀው ከተማ ሁሉ፣ ማዕበል ሲመጣ ንቅንቅ የማይል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቴሌቪዥኑ "ውጡ!" ሲል እሱ ወንበሩን ደጅ ያወጣል። የኛ የኒው ኦርሊንሱ ሙሴ አልሲድ ደግሞ የእንዲህ ዓይነቶቹ ሁሉ አለቃ ናቸው፤ "ሙሴ" በሰፈራችን ፈረንሳይኛ "አቶ" ማለት ነው።

የግድቡ ጠቅላይ አዛዥ እላቸዋለሁ፤ የሾማቸው የለም። ጠዋት ጠዋት ወንዙን ከሰፈራችን የሚለየው የአፈር ግድብ ላይ ይወጡና በተረከዛቸው መታ መታ አድርገውት ፍርድ ይሰጣሉ፦ "ይችላል!" አንድ ጊዜ መሐንዲሶች መሣሪያ ተክለው ሲለኩ አይተው፣ "ምነው ልጆቼ፣ እኔን ብትጠይቁ አይቀላችሁም ነበር?" አሏቸው። አንደኛው የምር መስሎት ብዕር አወጣ።

ማዕበል ሲቃረብ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሽሪምፕ፣ ቋሊማ፣ ዶሮ ሁሉ ተሰብስቦ ጋምቦ የሚባለው የአገራችን ወጥ የሚሠራበት የሳቸው ድስት ውስጥ ይገባል። መኪና ያለው በልቶ ይሄዳል፤ የሌለው እየበላ ይቀራል። "ብሉ እንጂ! ግድቡ ይችላል፤ የማይችለው ድስቱ ነው!" ይላሉ።

እኔ በዚህ አፋቸው እቃጠል ነበር። ለዓመታት ባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ ስሠራ ቆይቼ፣ አምና ቫን ገዝቼ ተመለስኩ። ማዕበሉ መጣ ሲባል እናቴን "ተነሺ" ብላት፣ "አልሲድ ይችላል ብሏል" ብላ ድርቅ አለች። ኧረ በማርያም! ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ሻንጣ ፍለጋ ከኮርኒሱ በላይ ስወጣ፣ መጥረቢያ አገኘሁ። ውሃ እስከዚያ ከሞላ ጣሪያ ቀደው የሚወጡበት ነው፤ ገና መሳሉ ነው።

"ማነው ያስቀመጠው?"

"አልሲድ ነዋ። በየዓመቱ ለየቤቱ ይስላል።"

መጥረቢያውን ይዤ ድስታቸው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። "ሙሴ አልሲድ፣ ግድቡ የሚችል ከሆነ ይሄ ለምንድን ነው?"

ጭልፋቸውን አስቀመጡ። "ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል። መሄጃ ለሌለው ሰው አይችልም ይባላል እንዴ? በምን ልቡ ይደር?"

"እናቴ ብትሞትስ?"

"እኔስ የምቀረው እነሱ ስለሚቀሩ አይደል?" አሉ። ከዚያ ቫኑን አዩት። "ስንት ሰው ይይዛል?"

"ተጠጋግተን አሥር።"

"እሰይ! የቀረነውን ይበቃል።" መንገዱን ይዘው የቀረውን ሰው በር ሁሉ ደበደቡ። "ውጡ! ዛሬስ አይችልም!" ሰዉ ክው አለ። እናቴ ቦርሳዋን አነሳች። ሙሴ አልሲድ ከሁሉም በኋላ ድስታቸውን ታቅፈው ገቡ።

ግድቡ ቻለ። ስንመለስ ውሃው የደረሰበት ምልክት ከአናቱ አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ብሎ አየን። ያን ሁሉ ውሃ አፈር እንዴት እንደያዘው ገረመኝ። ሰፈሩ ግን ይስቅ ነበር፦ "አልሲድ ጃጀ! በዕድሜው አንዴ አይችልም ቢል፣ ግድቡ ቻለ!" ከግድቡ ይበልጥ የገረሙኝ እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩን ፍርሃት ያን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን ይዘውት ኖረዋል። አላስቻለኝም፣ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

"ተው፣ የኔ ልጅ። እኔን ጃጀ ይበሉኝ፣ ግድቡን ግን አይጠርጥሩት። መኪናህ የተበላሸ ዓመት ምን ብዬ ላስተኛቸው ነው?"