ወይዘሮ ቢሆንስ እና ቀዩ ቀስት

መሥሪያ ቤት በተባለ ቦታ ሁሉ አንድ ደስታ የማይዋጥለት ሰው አለ። አዲስ በር ስታስገጥሙ፣ ቁልፉ ውስጡ ቢሰበርስ ይላችኋል። አሳንሰሩ ተመርቆ ሰው ሲያጨበጭብ እሱ ደረጃውን ይቆጥራል። የልደት ሻማ ሲለኮስ ሁሉም ኬኩን ያያል፤ እሱ መጋረጃውን። የእናንተም መሥሪያ ቤት ይህ ሰው አለ። የለም ካላችሁ አባራችሁታል ማለት ነው፤ እኔም እፈራላችኋለሁ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቢሆንስ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይህንን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እኛ ስል እኔ ነኝ። በአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ሐኪም አይደሉም፣ ነርስ አይደሉም፣ የማንም አለቃ አይደሉም። ሥልጣናቸው አንዲት ቃል ናት፦ «ቢሆንስ?»

እኔ እዚያው ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ጥቂት ነው። የቀረውን ማሽን ፈትቼ በመግጠም፣ አንዳንዴም ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ ተማርኩት። የማውቀውን በእጄ ስለማውቀው ወረቀት ይዞ የሚመጣብኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ክብርት ወይዘሮ ቢሆንስ ደግሞ ያለ ወረቀት መጥተው አያውቁም።

የሁላችንን ስልክ ቁጥር በእጃቸው ጽፈው በየክፍሉ ለጥፈዋል፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር። ኮምፒውተሩ ውስጥ እኮ አለ ስንላቸው፣ «ኮምፒውተሩ ባይነሳስ?» ብለው ማጣበቂያውን በጥርሳቸው ይቆርጣሉ። ማን ሲጠፋ ማን እንደሚተካው የሚመዘግቡበት ሰማያዊ ደብተርም አላቸው። አንዱ ከቦርሳቸው አይወጣም፤ ግልባጩ እህታቸው ቤት ነው። ቦርሳው ቢጠፋስ። ጥበቃው አንድ ቀን ሊያሾፍባቸው፣ እትዬ፣ የእኔ ተተኪ ከነተተኪው ቢታመምስ አላቸው። አልሳቁም። አመስግነውት ገቡና ሦስተኛ ሰው ጻፉለት።

በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ልምምድ አለ። የእጥበት ማሽን የሰውን ደም በቱቦ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በሌላ ቱቦ የሚመልስ ነገር ነው። መብራት ቢጠፋና ባትሪው ቢደክም ደሙ ቱቦው ውስጥ ይቆማል። የቆመ ደም ይረጋል። ለዚህ ብሎ የሠራው ሰው ፓምፑ ጎን ላይ ትንሽ እጀታ ደብቆበታል፤ እሷን እየዘወሩ ደሙን ወደ ባለቤቱ መመለስ ይቻላል። ወይዘሮ ቢሆንስ ባዶ ማሽን ላይ ቀይ ውሃ ሞልተው ነርሶቹን፣ ጽዳቷን፣ ጥበቃውን፣ ሹፌሩን በተራ ያዘውሯቸው ነበር። እኔ አንድ ቀን አልሄድኩም። ማሽኑን እኔ እየጠገንኩት ካርድ ክፍል ልታስተምረኝ ነው?

ከሁሉ ያናደደኝ ቀስቱ ነው። ስድስቱም ፓምፖች ላይ፣ ወዴት እንደሚዞር የሚያሳይ ቀስት በቀይ የጥፍር ቀለም ስለውብኝ አገኘሁ። ማሽኔን ሙሽራ አደረጉት። ልፍቀው ብዬ ምላጭ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በር ላይ ስልክ ተደወለልኝና ረሳሁት። እስከ ዛሬ ያን ስልክ የደወለልኝን ሰው እመርቃለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጄኔሬተሩን የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። ፎርሙ ሦስት ሣጥን አለው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ተነሳ። አስነሳዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ይጮኻል፣ አጠፋዋለሁ፣ «ተነሳ» ላይ ራይት አደርጋለሁ። አንድ ዓርብ ወይዘሮ ቢሆንስ ብርጭቆ ሻያቸውን ይዘው መጡና ናፍጣውን ማን ነው የሚያየው ብለው ጠየቁኝ። ፎርሙ ላይ የለም አልኳቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና ፎርሙን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሄዱ። ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አመልክተው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሥራ አስኪያጁ ዳር ላይ «ታይቷል» ብለው ፈርመውበታል።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ስድስት ሰው ማሽን ላይ ነበር። አራተኛው ማሽን ላይ የተኛችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ብቅ አሉና የሚታወቁበትን ተናገሩ፦ «ሁሉም በቁጥጥር ስር ነው።» ቀጥለውም ለታካሚ ቤተሰቦች ሁሉ መልእክት ላኩ፤ መጠነኛ የኃይል መቆራረጥ አጋጥሞ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ስር ውሏል የሚል። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ስልኮቹ ተራ በተራ ጮኹ። የመጨረሻው ስልክ ጮኾ ሳያበቃ ጄኔሬተሩ ሦስት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ።

ናፍጣው አልቋል። ማንም አልሰረቀውም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ዓርብ በዓርብ ይሠራል ወይ እያልኩ የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ በስልሳ ራይት።

ባትሪ ከስድስቱ የያዘው አንዱን ብቻ ነው። እህቴ አጠገብ ስደርስ ፓምፑ ቆሟል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም። ደም ሲፈስ አይቻለሁ፤ ቆሞ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ያ ቱቦ ውስጥ ያለው ቀይ ነገር እኔን በጀርባዋ ያዘለችኝ ሰው ነው፤ ቆሟል።

ወይዘሮ ቢሆንስ ከካርድ ክፍል ወጡ። አልሮጡም። ሲስተር ወደ አንድ፣ ጽዳቷ ወደ ሁለት፣ ጥበቃው ወደ ሦስት እያሉ በጣታቸው መደቡና እኔ ጋ ደረሱ።

«አንተ፣ አራት።»

«እትዬ፣ ናፍጣ ላምጣ...»

«ለናፍጣ ሹፌሩ ሄዷል። አንተ አራት።»

እጀታዋን ሳብኩ። ከዚያ አእምሮዬ ባዶ ሆነ። ያንን ፓምፕ ሃያ ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ወዴት እንደሚዞር ግን ጠፋኝ። ወደ ግራ? ወደ ቀኝ? ብሳሳት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያ ብቻ ነው ያልጠፋኝ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማሽኑ አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ ፊትህ ነው» አለች።

ያኔ ነው ቀይዋን ቀስት ያየኋት። ትንሽ ጠማማ፣ ጫፏ ላይ የጥፍር ቀለሙ የተንጠባጠበ። ቀስቷ ወዳለችኝ አዞርኩ። ሲስተር መቆንጠጫውን ከፈተችልኝ፣ የጨው ውሃውን ከረጢት አገናኘችልኝ፣ አየር እንዳይገባ ከቱቦው ላይ ዓይንህን እንዳትነቅል ብላኝ ወደ አንድ ተመለሰች። ደሙ ተንቀሳቀሰ። ጥርሴን ነክሼ ስዘውር እህቴ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ የውሃ ጉድጓድ አደረግኸኝ» አለች። ልሳቅ አልኩና አለቀስኩ።

ውጭ ደግሞ ሌላ እሳት ነበር። የታካሚዎቹ ቤተሰቦች «በቁጥጥር ስር ውሏል» የሚለውን እያነበቡ የጄኔሬተሩን ዝምታ ይሰማሉ። ሁለተኛው ማሽን ላይ ሚስታቸው ያሉ አንድ ሽማግሌ በሩን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጅ ነበራቸው፤ ሁለቱም ስልክ ይዘዋል። ወይዘሮ ቢሆንስ በሩን ከፍተው ወጡ። እኔ እየዘወርኩ ሰማኋቸው።

«መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን ደማቸውን በእጅ እየመለስን ነው። ስድስቱም ነቅተዋል። በየአምስት ደቂቃው መጥቼ እነግራችኋለሁ። አዲስ ነገር ባይኖርም መጥቼ የለም እላችኋለሁ።»

መጡም። በአምስት ደቂቃ፣ በአሥር ደቂቃ። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥተው አዲስ ነገር የለም ሲሉ፣ ያ በር ሲደበድቡ የነበሩ ሽማግሌ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወሬ የለም ብሎ የተመሰገነ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ውብ መልእክትና ከዚህች «የለም» ሰው ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የግድ እህትህ ማሽን ላይ መሆን አለባት?

ሹፌሩ ናፍጣ ይዞ የተመለሰው በሃያ አምስት ደቂቃ ነው። የአምስቱ ደም ተመልሷል። የስድስተኛው ግን የሚዘውርለት ሰው እስኪገኝ ቱቦው ውስጥ ረጋ፤ አንድ ቱቦ ሙሉ ደም ጣልን። ሰውየው ለሳምንታት ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ዛሬም ሲመጣ ሰላም ይለኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በልምምዱ ቀን እጀታ የያዘ አንድ ተጨማሪ ሰው ቢኖር ኖሮ ሲስተር እኔን ስትረዳ ያጠፋችው ጊዜ ለእሱ ይተርፍ ነበር። ያ የጎደለው ሰው ካርድ ክፍል አታስተምረኝም ያለው ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን ለመብራት ኃይል ሰጥተው ሊዘጉት ሲሉ ተነሳሁ። ስልሳውም ራይት የእኔ ነው አልኩ፤ ናፍጣውን ማን ያየዋል ተብዬ ፎርሙ ላይ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ «ታይቷል» ብለው ፈርመዋል፤ ምኑን ነው ያዩት? ለሰው ቤተሰብ የላኩት ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን ሳያውቁ መላክዎ ደግሞ ይብሳል። ስሜታዊ አትሁን አሉኝ። እህቴ ማሽን ላይ ሆና ምን ልሁን አልኳቸው። ወይዘሮ ቢሆንስ ፎርሙ ላይ በማስመሪያ አራተኛ ሣጥን እያሰመሩ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው። ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ማንን ልጠይቅ?

«እትዬ፣ ያን ቀን እርስዎ ባይኖሩስ?»

ቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ጥርሳቸው ለሳቅ ሲገለጥ ያየሁት ያኔ ነው። አፉን እንደፈታ ሕፃን አዩኝ። ከቦርሳቸው ሰማያዊውን ደብተር አውጥተው የራሳቸው ስም ያለበትን ገጽ ገለጡልኝ። ቀኑ ምላጭ ይዤ ቀስታቸውን ልፍቅ የሄድኩበት ሳምንት ነው። ተተኪ በሚለው ትይዩ እንዲህ ይላል፦

«ማሽን ጠጋኙ። አፈ ክፉ ነው፤ ግን ይመጣል።»

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሣጥን ባዶ ነው። ያንተን ተተኪ አንተ ትሞላለህ ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ተቀበልኩና፣ ባይጽፍስ ብዬ፣ ከመጻፌ በፊት መዳፌ ላይ ሞከርኩት።