ሳያነብ የማያትመው ዲን

በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። በዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ፕሬዚዳንቱ የሚያየው ታርሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ ግን ወረቀቱን ገና ከነጉዱ ያውቀዋል።

የዚህኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት «ዲኑ» ይባላል። ማን እንደሾመው የሚያስታውስ የለም። የዩኒቨርሲቲውን ግቢ የሚረግጠው የወረቀት ካርቶን ለማድረስ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ክቡር ዲኑ በሁለት ማሽንና በአንድ መጠረዣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪውንም የመምህሩንም ጽሑፍ ሲያሳልፍ ኖሯል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው፣ ሕጉም አንድ ነው፦ «ሳላነብ አላትምም!»

በልቡ ቢያነብ ማን ይከፋው ነበር! የሚያነበው እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ነው። እንግሊዝኛ ከሆነ እግረ መንገዱን ይተረጉመዋል። አንዱ ጎረምሳ የፍቅር ደብዳቤ ሊያሳትም መጥቶ፣ «እዚህ ጋ ትለምናታለህ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ትፎክርባታለህ፤ አንዱን ምረጥ» ተባለ። ወረፋው እጅ አወጣ፤ ልመናው በሰባት ድምፅ አሸነፈ። አንድ የሒሳብ መምህር ደግሞ የነገ ፈተና ሊያባዛ ቢመጣ፣ ዲኑ «መምህር፣ ጥያቄ ሦስት ሁለት መልስ አለው» ብሎ ጥያቄውን ማንበብ ሲጀምር፣ ሰውየው ወረቀቱን ነጥቆ በሩጫ ወጣ። ደግሞም እውነቱን ነበር፤ ሁለት መልስ አለው።

የሚጠረዝ ጥናት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚገልጠው «ምስጋና» የሚለውን ገጽ ነው። «ፈጣሪ አለ፣ ወላጅ አለ፣ አማካሪ አለ፣ የወንድ ጓደኛ እንኳ አለ» ይልና ከንፈሩን ይመጥጣል። «የጠረዘው ሰውዬ ግን ሞቷል መሰለኝ።» ከዚያ ማሽኑን መታ መታ ያደርግና ሁለተኛውን ሕጉን ያስከትላል፦ «ሰው ይሳሳታል፤ ማሽኔ አይሳሳትም።»

የውሃ ምህንድስና ላቦራቶሪ ረዳቷ ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ዲኑ «ጭምቷ» ነው የሚላት፤ ሰላምታ እንኳ ቆጥባ የምትሰጥ ልጅ ናት። ያን ቀን ወረፋው መጨረሻ ላይ ፍላሿን በጡጫዋ ጨምቃ ቆመች፤ ፍላሹ ውስጥ ምሥጢር አለ።

ምሥጢሩ ይኸው ነው። አምና ለሁለተኛ ዲግሪ አራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ አመልክታ ነበር፤ ተራ እንዳይመስሏችሁ፣ ደጃፋቸውን ያላየ ሰው ሁሉ ስማቸውን በካናቴራ ለብሶ የሚንጎራደድባቸው ናቸው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ደስታዋን መቻል አቅቷት ወገብ በለካች ቁጥር ለደንበኛው ሁሉ ተናገረች። ከዚያ አራቱም «አይሆንም» አሉ። ደንበኞቹ ግን ለወራት «ልጅሽ መቼ ነው የምትሄደው?» ማለታቸውን አልተዉም። እናትየው መልስ ላለመስጠት ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ መናገር እንደማትችል ታስመስል ነበር። ልጅቷን ያንገበገባት የአራቱ «አይሆንም» ሳይሆን ያ ስፒል ነው። ዘንድሮ እነዚያኑ አራቱን ለማንም ሳትናገር ደግማ ልትሞክር፣ ካልሆነም ሁለተኛ ላታነሳው ለራሷ ማለች። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ስካን የሚያደርግ ሌላ ቤት ደግሞ በአካባቢው የለም።

«ጋሼ፣ ይቺን የውጤት ማስረጃ ብቻ ስካን አድርገው ፍላሹ ላይ ይጫኑልኝ» አለች ተራዋ ሲደርስ። «ሌላ ምንም አይክፈቱብኝ።»

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። ዲኑ ፍላሹን ሰካና ዐይኑን ጨፍኖ የነበረ ሰው እንደነቃ ሁሉ የፋይሎቹን ስም ሊያነብ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«‹የመጨረሻ›... ‹የመጨረሻ ሁለት›... ‹የእውነት የመጨረሻ›... አሃ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ስሞትልዎ!»

«ዝም በይ እስቲ፣ ሰው ይስማበት። ‹ለክቡራን የመግቢያ ኮሚቴ አባላት። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ...›» እዚህ ላይ ቆመና መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን ዘንድሮ ብቻ ለአሥራ አንድ ሰው አትሜያለሁ።»

ከኋላዋ የቆመ አንድ ረጅም ተማሪ የያዘውን ወረቀት ቀስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ መለሰው።

ልጅቷ ፊቷ ፍም መሰለ። በቃ፣ ምሥጢሩ አለቀለት! ግማሽ ሰፈር ሰማ! «እንግሊዝኛው ጥሩ ነው እኮ» አለች።

«እንግሊዝኛውማ ምን ይወጣለታል። ሰው የለበትም እንጂ። አንቺ የት አለሽ?»

«እርስዎ አሜሪካን አይተው ያውቃሉ?» አለች ጮክ ብላ። ጭምቷ ጮኸች ብሎ ወረፋው እርስ በርሱ ተያየ።

ዲኑ አልተቆጣም። «እኔ አላየሁም። ወረቀቴ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ነው የኖረው። የማን ወረቀት ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የማን እንደተመለሰ አውቃለሁ።» ከጠረጴዛው ሥር የብላሽ ኮፒዎች ካርቶን ጎትቶ አወጣና ጎንበስ ብሎ ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ ወረቀት አነሳ። ዳር ላይ ቀለም ፈሶበታል። አናቱ ላይ «ማስተካከያ» ይላል። «ይሄ የማን ነው?»

የእሷ ነው። አምና አንድ መንደር ውስጥ አሥር የውሃ ቆጣሪ አስራ ፍጆታውን ስታጠና፣ ቁጥሩ ሲደመር ከተጠበቀው አነሰ። መንደሩ ውሃ መቆጠብ ጀመረ ብላ በስብሰባ አቀረበች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። በኋላ ዞራ ስታይ ከአሥሩ አንዱን ቆጣሪ ገልብጣ አስራዋለች። ዘጠኙ ወደ ፊት ሲቆጥሩ አሥረኛው ወደ ኋላ እየቆጠረ ድምሩን ሲበላው ከርሟል። የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ቀጥ አድርጋ አስራ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እሷ ግን ሠላሳ ቅጂ «ማስተካከያ» አሳትማ፣ እነዚያው ያጨበጨቡላት ሰዎች ፊት ቆማ ጥፋቷን ተናገረች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ‹ግኝት› ሳትም ኖርኩ» አለ ዲኑ። «‹ማስተካከያ› ግን ያንቺን ብቻ ነው ያተምኩት። ይሄን ጻፊላቸው።»

«ስህተቴን?»

«ስህተቱንማ ሁሉም ይሠራዋል። ሄደሽ መናገርሽን ጻፊ።» የውጤት ማስረጃውን ስካን አደረገላት። ስለ ሌላው ግን፣ «ይሄንን አንብቤም አላትምም» ብሎ ፍላሹን መለሰላት።

እስከ ቤቷ ድረስ በሆዷ ስትሰድበው ሄደች። ምን አገባው! ራሱን ማን አድርጎ ነው! ጠረጴዛዋ ጋ ስትቀመጥ ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለማየት አስጠላት። ደመሰሰችውና እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «አንድ መንደር ውሃ ቆጠበ ብዬ አስጨብጭቤ አውቃለሁ። መንደሩ አልቆጠበም። ቆጣሪውን ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ እጇ አልቆመም። በነጋታው ላከችው፤ ለዲኑም ሳታሳየው። በእሷ ቤት ተበቅላዋለች።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ወሬው ደርሷት ጠበቀቻት። «እናትሽ አይደለሁም? ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሰማው?» አለች። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ስፒሎች አንድ በአንድ ስትለቅም፣ እናትየውም ነገሩ ገባት። ከዚያ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ደንበኛ ገና በሩን ሲከፍት ስፒሎቹን ቀድማ ትነክሳለች።

ዲኑ ግን የሚነክሰው ስፒል የለውም። ልጅቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር «ምን አሉ?» ይላል፤ ወረፋውም ተቀብሎ «ምን አሉ?» ይላል። መንገድ ቀየረች። የመጀመሪያው መልስ የመጣ ቀን ግን እግሯ ራሱ ወደዚያው ይዟት ሄደ። «አይሆንም» ነው የሚለው። ለእናቷ ሳትናገር ለእሱ ለምን እንደነገረችው ለራሷም አልገባትም። ዲኑ ወረፋውን አስቁሞ የራሱን በርጩማ ሰጣት። «ሦስት ይቀራል» አለ። ስታለቅስ ዐይኑን ማሽኑ ላይ ተክሎ ቆየ።

ሦስቱም «እንኳን ደስ አለሽ» አሉ። አዎ፣ እነዚያው የካናቴራዎቹ። ከአንደኛው ደብዳቤ ግርጌ አንድ ፕሮፌሰር በእጅ ጽሑፍ፣ «አሥረኛው ቆጣሪ አሁን በየት በኩል ነው የሚቆጥረው?» የሚል ጨምረውበታል። እሳቸው ጋ ለመሄድ የወሰነችው እዚያች መስመር ላይ ነው። እናቷ ስፒሎቹን ተፍታ በአንድ ቀን ሦስት ቀሚስ አበላሸች። ዲኑ ሦስቱንም ደብዳቤ ሁለት ሁለት ጊዜ ለወረፋው አነበበ፤ የአንዱ ፊደል ትንሽ ነው ብሎ ወቀሰ። መንገደኛውንም እያስቆመ፣ «አስገባናት!» ይል ጀመር። አስገባናት! እንቅልፍ አጥታ የጻፈችው እሷ፣ ያስገቡት እነሱ! ልጅቷ ትበሽቅና እዚያው ደግሞ ሳቋ ያመልጣታል።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት የቆጣሪዎቹን ጥናት አምስት ቅጂ ልታስጠርዝ መጣች። ወረፋው እንደ ወትሮው በር ድረስ ሞልቷል፤ የሒሳብ መምህሩም አለ። ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገና «ምስጋና»ን ገለጠ።

«እስቲ ደግሞ እዚህ እነማን ተሰለፉ! ‹በመጀመሪያ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት...›»

ድምፁ ተቋረጠ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ ቀሪውን በቃሏ ታውቀዋለች፦ «...ከርዕሱ አልፎ ማንም ያላነበበውን ወረቀቴን አንብበውልኛልና። እርስዎ ባይኖሩ አሥራ ሁለተኛዋ እሆን ነበር።»

«ጮክ በል እንጂ ዲኑ!» አለ ወረፋው።

«ይሄ... የግል ነው።»

«የግል?» የሒሳብ መምህሩ ዐይኑ ፈጠጠ። «የእኔ ፈተናስ የግል አልነበረም?»

ዲኑ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ የምስጋናውን ገጽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ተፋና ስድስተኛ ጨመረ።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «አንድ ገጽ ተርፏል።»

ዲኑ ትርፏን ገጽ በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«ማሽኑ ተሳስቶ ነው» አለ።