ድንቹን ያስተማረን ጣሊያን

የክብሪት ቀፎ ጎን ላይ ያለችውን ቡናማ ቀለም ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ማን ያያል! ሰው እሳቱን እንጂ የወጣበትን መች ያያል። እኔን ያሳየኝ ጣሊያን ነው፤ ያውም በጣሊያን ጊዜ።

ኮልፌ፣ አማቴ እማማ በላይነሽ ቤት፣ ሙሽራ ነበርኩ። ሙሽራ ልበል እንጂ ባሌ ተሰማ የሠርጉ ዳስ ሳይፈርስ ጫካ ገብቷል። ሁለት ሴቶች ቀረን። እንግዳን የሚያስገባው ባለቤቱ ነበር፤ የኛን እንግዳ ግን የጣሊያን ጦር አስገባብን። ትልቁን ክፍል ቀምቶ አንድ መድኃኒት ቀማሚ አስቀመጠበት። በአገሩ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር አሉ። አማርኛው ሴትና ወንድ፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም። አማቴን «አንተ እማማ» ይላቸዋል። እሳቸውም «አገሬን መውሰድህ አንሶ ወንድ አደረግኸኝ?» ይሉታል። በዚያ ላይ በኖራ የተለሰነውን ግድግዳቸውን በከሰል ቁጥር ሞልቶታል። ያልረገሙት ቀን የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ውሃ ካለበት ጠርሙስ ሰም የመሰለ ነገር በወረንጦ አወጣ። ወገኖቼ፣ አበራ! አረንጓዴ ብርሃን። ነበልባል የለው፣ ጭላንጭል እንጂ ሙቀት የለው። እማማ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። እኔ ጠጋ ብዬ አፈጠጥኩበት። ፎስፎረስ ይባላል ብሎን ቶሎ ወደ ውሃው መለሰው።

ከዚያ አራት ድንች ጠየቀ። ሦስት ከታች፣ አንድ ከላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር በስንጥር አያያዘ። «ፎስፎረስ እንዲህ ነው፤ አራት ወንድም» አለ። የሚያያይዛቸው ግን ስንጥር ሳይሆን እዚህ ነው እዚያ ነው የማይባል የኤሌክትሮን ጉም ነው አለን። የግድግዳው ቁጥር ያንን ጉም ማስያ ነው። ጠበው ስለተያያዙ ጉሙ ይጎብጣል፣ ይጨነቃል፤ አየር ሲያገኘው ቦግ ይላል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደለም እንዴ? ተያይዘው እንዴት ይነዳሉ?» አሉ እማማ።

አንዱን ስንጥር ነቀለ። የተፈቱት ሁለት ድንቾች እጃቸውን ለጎረቤት አራት ወንድም ቢዘረጉ ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ቀልተው ይረጋጋሉ፣ በራሳቸው አይነዱም አለ። የክብሪት ቀፎው ላይ ቡናማ መስሎ የሚታየው ያ ቀዩ ነው። እማማ ግድግዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይራገሙ አዩት። ድንቹን ግን ለወጥ ወሰዱት።

የፈሩት ይደርሳል። ተሰማ እንጨት ሻጭ መስሎ፣ ትከሻውን ቆስሎ መጣ። ሰው ጠቁሞ ኖሮ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደር ፖሊሶች ተከትለውት ግቢ ገቡ። የት ልደብቀው? ጣሊያኑ ወጥቷል ብዬ ክፍሉ አስገባሁት። አልወጣም! ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ተሰማ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ጣሊያኑ ደሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ጓሮው መስኮት ጠቆመ።

በሩ ሲገፋ ያንን ሰም ከውሃው አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። ቦግ! ነጭ ጭስ ክፍሉን ዋጠው። በቋንቋቸው «መርዝ ነው፣ ውጡ!» ብሎ ሲጮህ ወታደሮቹ እየሳሉ ሮጡ፤ አንዱማ ባርኔጣውንም አላነሳም። ባሌ በመስኮት ዘሎ በአስኮ በኩል ተፈተለከ።

አንዲት ፍንጣሪ ግን የጣሊያኑ መዳፍ ላይ ተጣበቀች። ቢያራግፋት አትለቅ፣ ሥጋው ላይ ትነዳለች። እማማ ገብተው እጁን ጨበጡና ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፈቁት። ሊያወጣ ሲታገል አለቀቁትም። ልጃቸውን ያሳደደውን ሠራዊት መለዮ የለበሰ ሰው እጅ ይዘው ሲያለቅሱ አየሁ። ያ አረንጓዴ ብርሃን እንኳ እንደዚያ አላስደነቀኝም።

ለአለቆቹ ጠርሙስ ተሰብሮብኝ ነው ብሏቸው አመኑት። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፤ ተሰማ ደግሞ ጠላት ሲወጣ በደህና ገባልኝ።

ጣሊያኑ ሊሄድ ሲል እማማ እጁን እያሰሩለት ጠየቁት፤ «ለመሆኑ ለምን አደረግኸው?»

የማይታየውን ጉም የሚያሰላ ሰው አሰበ፣ አሰበ፣ ግድግዳውን አየ። በመጨረሻ «አንተ እማማ፣ አላውቅም» አለ።

«ተመስገን ነው» አሉ እማማ ቋጠሮውን እያጠበቁ። «ብታውቅማ አታደርገውም ነበር።»